ደሴ ላይ ለወላጆቻችሁ የምትሆን ባለሙያ ልጠቁማችሁ

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው አንዲት ልጅ ለማመስገን ነው። ወላጆቻችሁ ደሴ ወይም አካባቢዋ ካሉ ደግሞ ጥቆማ ይሁናችሁ።

ልጅቷ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ስሜን በአደባባይ አትጥሪ ስላለችኝ አልጠራም። መተየብ፣ ስካን ማድረግ፣ ማተም እንጀራዋ ነው። እኔን ለምስጋና ያነሳሳኝ ግን ሌላ ነው። ትልልቅ ሰዎች ስልካቸው ላይ የሚመጣላቸውን ፋይል ራሳቸው ከፍተው፣ አስቀምጠው፣ መልሰው እንዲልኩ ታስተምራለች።

አባቴ ጡረታ የወጣ የታሪክ አስተማሪ ነው። የሰፈሩ እድር ጸሐፊም ነው። እድሩ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከከፈተ ወዲህ ደብዳቤውም፣ ቃለ ጉባኤውም፣ የባንክ ደረሰኙም በስልክ ሆኗል። አባባ አንዱ ይከፈትለታል፣ ሌላው እምቢ ይለዋል። የከፈተውንም በማግስቱ የት እንደገባ አያገኘውም። እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ከዚህ ሆኜ "ሦስቷን ነጥብ ንካት" እያልኩ ማስረዳቱ ሁለታችንንም ያደክመን ነበር። ሌላ ቤት ሲሄድ ስልኩን ከእጁ ይቀበሉትና ነካክተው "ተከፍቷል ፋዘር" ብለው ይመልሱለታል። በክፋት አይደለም፣ ሥራ ይበዛባቸዋል። ግን ምን እንዳደረጉ ስለማያይ በሚቀጥለው ቀን እዚያው ነው።

እዚህች ልጅ ጋ የሄደው በእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ምክንያት ነው። ደንቡ ከብዙ ዓመት በፊት የተተየበ ነው። ግሩፑ ላይ ሲለጠፍ በአማርኛ ፈንታ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ወጣ። ገሚሱ አባል ቫይረስ ነው አለ። አባባ ስልኬ ተበላሸ ብሎ አዲስ ሊገዛ ነበር።

"አብሽሩ አባባ፣ የስልክዎ ጥፋት አይደለም" አለችው። ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ኮምፒውተር ላይ አማርኛ የሚጻፈው የግዕዙን ፊደል በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ በሚያስገቡ ፎንቶች ነበር። ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር አማርኛውን ያሳያል። ፎንቱ የሌለው ስልክ ከሥር ያለውን እንግሊዝኛ ያወጣል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተሮች የጋራ ሥርዓት ውስጥ ገብቶ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። የእድሩ ደንብ ደግሞ የተተየበው በአሮጌው ፎንት ነው። ልጅቷ ወደ ዩኒኮድ ቀየረችው። አንዳንድ ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ ስለተዛባ ከአባባ ጋር አንቀጽ በአንቀጽ እያነበቡ አረሙት። ይህን ያህል ትዕግሥት ያለው የጽሕፈት ቤት እኔ አላየሁም።

ከዚያ አንድ ደንብ ሁለት ፋይል አድርጋ ሰጠችው፣ አንዱን በወርድ፣ አንዱን በፒዲኤፍ። ለምን ሁለት ሆነ ሲላት፣ "ወርዱ ሊጥ ነው አባባ፣ ውሃም ዱቄትም ይጨመርበታል። ፒዲኤፉ የተጋገረ እንጀራ ነው" አለችው። ጠቅላላ ጉባኤው አንቀጽ ካሻሻለ ወርዱ ላይ ይታረማል። ለአባላት የሚላከው ግን ፒዲኤፉ ነው። ፊደሉን ይዞ ስለሚሄድ ማንም ስልክ ላይ ቅርጹ አይለወጥም፣ እጅ ነክቶትም አንድ መስመር አይጠፋም።

አባባ የታሪክ ሰው ነውና ይሄ ነገር ከመቼ ወዲህ ነው ብሎ ጠየቃት። አላውቅም ብላ አላለፈችውም። "እንፈልገው" ብላ ራሱ በጣቱ እንዲጽፍ አደረገችው። ፒዲኤፍን አዶቢ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1993 እ.ኤ.አ. እንዳወጣው፣ በ2008 ደግሞ ዓለም አቀፍ ደረጃ እንደሆነ አብረው አነበቡ። ደረጃ ስለሆነ ማንም የሚከፍተው መተግበሪያ መሥራት ይችላል። ለማንበብ ብቻ ተብሎ የሚከፈል ገንዘብ የለም። ይህን ለእኔ ሲነግረኝ ድምፁ ክፍል ውስጥ ሲያስተምር የነበረው ድምፅ ነው።

ስልኩን ከእጁ ወስዳ አታውቅም። አጠገቡ ትቀመጣለች፣ በቃል ትመራዋለች። ሲሳሳት ትጠብቀዋለች። ቴሌግራም ላይ የመጣን ፋይል "ዳውንሎድስ" ውስጥ እንዴት እንደሚያስቀምጥ፣ ቆይቶም የስልኩ "ፋይልስ" ውስጥ ገብቶ እንዴት እንደሚያገኘው ያወቀው እንደዚያ ነው። መታወቂያ ወይም የተማሪ ውጤት ሲልክ ደግሞ እንደ ተራ ፎቶ እንዳይልክ ነግራዋለች። ቴሌግራም ፎቶን ስለሚያሳንሰው ጽሑፉ ይደበዝዛል። "ፋይል" በሚለው በኩል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል።

ከሁሉ በላይ ያመሰገንኳት ስለ ፋይል ስም መጨረሻ ስላስተማረችው ነው። ከመጨረሻዋ ነጥብ በኋላ ያሉትን ፊደሎች አንብብ ነው ትምህርቱ። ፒዲኤፍ ከሆነ ሰነድ ነው። ዶክ ኤክስ ከሆነ የወርድ ነው። ጄፒጂ ከሆነ ፎቶ ነው። ኤፒኬ የሚል ካለበት ግን ስልክ ላይ የሚጫን ፕሮግራም እንጂ ደብዳቤ አይደለም። "የባንክ ሽልማት"፣ "የጡረታ ጭማሪ ዝርዝር" የሚል ስም ቢሰጡትም ከማያውቁት ሰው የመጣ ከሆነ አይነካም። እንዲህ ያለው ፕሮግራም የጽሑፍ መልእክት አንብቦ የባንክ ምስጢር ቁጥር ሊሰርቅ ይችላል። ወላጆቻችሁ ሞባይል ባንኪንግ የሚጠቀሙ ከሆነ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይቺን ዛሬውኑ ደውላችሁ ንገሯቸው። አባባ አሁን ለእድሩ ሽማግሌዎች የሚያስተምረው እሱ ነው።

ለማስተማሩ ገንዘብ አትቀበልም። የምታስከፍለው ለተየበችውና ላተመችው ብቻ ነው። ስለዚህ ወላጆቻችሁን ስትልኩ የሚታተም ወይም ስካን የሚደረግ ነገር ካለ እዚያው ይሠራ። አንድን ሰው ቁጭ አድርጋ ስታስረዳ ሌላ ደንበኛ ያልፋታል፣ እኔ ይህ ይከብደኛል።

እህቴ፣ አላህ ይስጥሽ። አባቴ የሚፈልገውን ወረቀት ማንንም ሳይለምን ይከፍታል፣ እኔም በዚህ እፎይ ብያለሁ።

ቤቱን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አቅጣጫውን እነግራችኋለሁ። ጠዋት ተማሪና ባለጉዳይ ስለሚበዛባት ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ቢሄዱ ይሻላል። አርብ ከጁምዓ ሶላት እስክትመለስ ዝግ ነው። መነጽራቸውን እንዳይረሱ፣ ስልኩም ቻርጅ ተደርጎ ይሂድ።