ሜሰርሽሚት ወይስ ሄንክል? ባለ ሦስት ጎማ መኪና ልግዛ ለምትሉ

አሮጌ መኪና እንደምወድ የሚያውቅ ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ያቺ ሦስት ጎማ ያላት፣ ላይዋ የአውሮፕላን መስታወት የሚመስለው ስንት ታወጣለች?» ሜሰርሽሚት ኬአር 200ን ማለታቸው ነው። መልሴን አላስጠብቃችሁም። እሷን ተዉና ሄንክል ካቢኔ ፈልጉ።

ሁለቱም ጀርመናዊ ናቸው፤ የተወለዱትም ከአንድ ችግር ነው። ከጦርነቱ በኋላ ጀርመን እስከ 1955 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) አውሮፕላን እንዳትሠራ ተከልክላ ነበር። ሥራ የፈቱት የአውሮፕላን ፋብሪካዎች ወደ ትንንሽ መኪና ዞሩ፤ ሜሰርሽሚት ሬገንስቡርግ ላይ፣ ሄንክል ሽፓየር ላይ። ኬአር 200 በ1955 ስትወጣ 2,500 ማርክ አካባቢ ነበረች። እኛ የምናውቃት ቮልስ ተራዋ ያኔ 3,790 ማርክ ትሸጥ ነበር። ሰው ገቢው ትንሽ ሻል ሲልለት የትኛዋን እንደመረጠ መገመት አያቅትም። ሄንክል ከ1956 እስከ 1958 ብቻ ጀርመን ውስጥ ተሠራች። ሜሰርሽሚት እስከ 1964 ተንገዳገደች።

ዛሬ ዋጋው ተገልብጧል። በደንብ የታደሰች ሜሰርሽሚት ከ30,000 ዩሮ በላይ ስትጠራ አትደንግጡ። ባለ አራት ጎማዋ እህቷ ቲጂ 500 በ2013 አሜሪካ ውስጥ በጨረታ ከ300,000 ዶላር በላይ ወጥታለች። ከዚያ ወዲህ ጋራዡ ውስጥ የዛገች ኬአር ያለው ሁሉ ራሱን ሚሊየነር አድርጎ ያያል። ሄንክል ብዙ ጊዜ ከዚያ ዝቅ ባለ ዋጋ ትገኛለች። የሚያስቀው ደግሞ ይሄ ነው፦ ጀርመን የሠራቻቸው ሄንክሎች በሙሉ ወደ 12,000 ናቸው። ሜሰርሽሚት ያን ያህል ያመረተችው በኬአር 200 የመጀመሪያ ዓመት ብቻ ነው። ብርቅዬዋ በርካሽ፣ ብዙዋ በውድ!

ለምን ቢባል መልኳ ነው። እሱን አልክድም፤ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ተቀምጦ፣ መስታወቱ ወደ ጎን ተከፍቶ ሲገባባት ልብ ትሰርቃለች። ሻጮችም ያውቁታል። «ይሄ መስታወት ከተዋጊ አውሮፕላን የተረፈ ነው» እያሉ ብር ይጨምራሉ። ውሸት ነው። መኪናዋን የነደፈው ፍሪትዝ ፌንድ የሚባል መሐንዲስ ነው። መነሻውም ለጦር ጉዳተኞች የሠራት ትንሽ ተሽከርካሪ ነበረች። መስታወቱ ለራሷ ለመኪናዋ ተብሎ የተሠራ ፕላስቲክ ነው። በበጋ ፀሐይ ደግሞ ውስጧ እንፋሎት ቤት ነው።

መልኩ ስለሚሸጥ ፎርጅዱም በዝቷል። አንድ የማውቀው ልጅ «ኦሪጅናል ናት» ተብሎ የኦሪጅናል ዋጋ ከፈለ። በኋላ ቀለሙን ሲፍቁት ላሜራው አዲስ፣ ስቱኮው ጣት የሚያህል ወፍራም ሆኖ ተገኘ። የድሮው ነገር ሻንሲው ላይ በሪቬት የተመታችው የቁጥር ሰሌዳ ብቻ ነበረች። መስታወቱም ቅጂ ስለሆነ ሲዘጋ ጫፉ አይገጥምም፤ ዝናብ ሲመጣ ኋላ የተቀመጠው ሰው ጉልበት ላይ ይንጠባጠባል። ከመክፈላችሁ በፊት የሻንሲውን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። በሪቬቶቹ ዙሪያ ያለው ቀለም ከሌላው ከተለየ ወደ ቤታችሁ ሂዱ።

ሞተሩ ላይ ስንመጣ ኬአር 200 የኋላ ማርሽ የላትም። ሞተሩን ታጠፋላችሁ፣ ቁልፉን ጠለቅ አድርጋችሁ ታስነሳላችሁ፣ ሞተሩ በተቃራኒው ይዞራል። አራቱም ማርሽ ወደ ኋላ ይሠራሉ ማለት ነው! ይህን የሚያደርገው ሞቶሪኖም ዲናሞም ሆኖ የሚሠራ አንድ ዕቃ ነው። የእሳቱን ብልጭታ ጊዜ የሚጠብቀው ፑንቲናም ሁለት ነው፤ አንዱ ወደ ፊት ስትነዱ፣ አንዱ ወደ ኋላ ስትነዱ የሚሠራ። ዕቃው ሲበላሽ መኪናዋ አትነሳም፣ ባትሪም አትሞላም። የሚጠግን ባለሙያ ማግኘት ጣጣ ነው፤ ሲገኝም የሚጠይቀውን ትከፍላላችሁ። ስለዚህ ሻጩን ወደ ኋላ ንዳልኝ በሉት። «ትንሽ ሽቦ ነው፣ ይስተካከላል» ካለ፣ ከዋጋው ላይ ደህና አድርጋችሁ ቀንሱ። በዚያ ላይ ሞተሯ ሁለት ምት (ቱ ስትሮክ) ነው፤ ቤንዚን በሞላችሁ ቁጥር ዘይት መቀላቀል አለ።

ሄንክል አራት ምት ናት፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር መቀላቀል የለም፤ የኋላ ማርሽም አላት። ትልቁ ጥቅሟ ግን ሌላ ነው። ሞተሯ የመጣው ሄንክል ቱሪስት ከሚባለው ስኩተር ነው፤ ያ ስኩተር ደግሞ ከ100,000 በላይ ተሠርቷል። ስለዚህ ብዙው የሞተር ዕቃ በስኩተር ዋጋ ከስኩተር ሰዎች ይገኛል። ጀርመን ማንሃይም ውስጥ በሚደረገው ቬተራማ በሚባለው የአሮጌ መኪናና የዕቃ ገበያ ዕቃውን ዘርግተው ቁጭ ብለው ታገኟቸዋላችሁ። ፒስተን ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። የሞተሯ መጠን ተለዋውጧል፤ መጀመሪያ 174 ሲሲ ነበረች፣ ቀጥሎ 204 ሆነች፣ ከዚያ ለኢንሹራንስ ሲባል ወደ 198 ወረደች። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ቢላችሁ አትመኑት፣ ሲሊንደሩን ራሳችሁ ለኩ።

ጠላቷ ዝገት ነው። ራሱን የቻለ ሻንሲ ስለሌላት ወለሉ ከበሰበሰ መኪናዋ ራሷ በሰበሰች ማለት ነው። በሯ ከፊት ነው የሚከፈተው። ምንጣፉን አንሡና ከፔዳሎቹ ሥር በጠመንጃ መፍቻ ጫን በሉት። ከሰረገ ሌላ ፈልጉ። ባለ ሦስት ጎማዋን ከፈለጋችሁ ወረቀቱ ላይ 153 የሚለውን የሞዴል ቁጥር እዩ፤ 154 ከኋላ የተጠጋጉ ሁለት ጎማዎች አሏት።

ብር ካጠራችሁ የእንግሊዟን ትሮጃን አስቡ። ያቺው ሄንክል ናት፣ በፈቃድ ክሮይደን ውስጥ የተሠራች። መሪዋ በቀኝ ስለሆነ ጀርመኖች ብዙም አይሻሟትም፤ እናንተም ይህንኑ እያነሣችሁ ዋጋ አስቀንሱ። ከእሷ በፊት አየርላንድ ዳንዶክ ውስጥ የተሠሩትን ግን በጥንቃቄ እዩ፤ ሄንክል ራሱ በጥራት ምክንያት ፈቃዱን ነጥቋቸዋል።