ሸክላ ማጫወቻዬ ትቸኩል ነበር

የገዛኋት ሻንጣ መሳይ የሸክላ ማጫወቻ ናት። እጀታ አላት፤ ክዳኗን ስትከፍቱት እስፒከሩም ጭምር ውስጧ ነው። ወራት ተጠቀምኩባት። ስለ መልኳና ስለ ብሉቱዟ የምለው የለም፤ ደህና ናት። የምጽፈው ስለ ፍጥነቷ ነው።

አንድ ምሽት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ በረንዳ ላይ የዓሊ ቢራን ሸክላ አጫወትኩ። አንድ በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችን ትንሽ አዳመጡና "ልጄ፣ የዓሊ ድምፅ እንዲህ ቀጭን አይደለም። ምን አስቸኮለው?" አሉኝ። ዓሊ የድሬ ልጅ ነው። ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ዘመን ጀምሮ የሚያውቁትን ሰው ማን ያታልላቸዋል?

በማግስቱ አንዲት ትንሽ 45 ሸክላ መሐል ላይ ቁራጭ ወረቀት አስቀመጥኩ፤ የስልኬን ሰዓት ከፍቼ ዙሩን ቆጠርኩ። በደቂቃ 45 መዞር ሲገባት 47 ዞረች። ሁለት ዙር ምን አላት እንዳትሉ። ከ4 በመቶ በላይ ነው። 6 በመቶ ገደማ ሲደርስ የዘፈኑ ቃና በሙዚቃ ልኬት ግማሽ ቶን ወደ ላይ ይወጣል። የእኔዋ ፍጥነት ደግሞ ከአራት ደቂቃ ዘፈን አሥር ሰከንድ ይበላል።

ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ ሄጄ ለሻጩ ነገርኩት። "አቦ፣ አዲስ ስለሆነች ነው፣ ስትለማመድ ትረጋጋለች" አለኝ። ሞተር በመለማመድ አይረጋጋም! ቺንጊያው ሲላላም ድምፁ ይዋዥቃል እንጂ አይስተካከልም። "ፍላሽም ትቀበላለች እኮ" ብሎ ጨመረ። ወንድሜ፣ ለፍላሽማ ስልኬ ይበቃኝ ነበር። የሸክላ ማጫወቻ የመጀመሪያ ሥራው በልኩ መዞር ነው።

መፍትሔው እዚያው ሆዷ ውስጥ ነበር። ከሶኬት ነቅዬ የታችኛውን ክዳን በካቻቪቴ ፈታሁት። ሞተሩ ቂጥ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ውስጧ የፍጥነት ማስተካከያ ብሎን አለ። በቀጭን ካቻቪቴ የፀጉር ያህል ዞር አድርጎ፣ መልሶ ሰክቶ መቁጠር ነው። አሁንም ዞር፣ አሁንም መቁጠር። አንድ ከሰዓት ሙሉ ፈጀብኝ። 45 ላይ ስትረጋ ግን የዘፋኞቹ ድምፅ ወደ ደረታቸው ተመለሰ። የሳክስፎኑ ጩኸትም ለሰስ አለ።

ይሄን ያህል መጨነቄ ያለ ምክንያት አይደለም። የሸክላ አሳታሚው አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ማሳተም ከጀመራቸው አንስቶ፣ የዚያ ዘመን ዘፈኖቻችን በብዛት የወጡት በትንሿ 45 ነው፤ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን። ትልቁ ሸክላ ከማጫወቻዋ ሳህን ተርፎ ይንጠለጠላል፤ ትንሿ ግን ልክክ ትላለች። ይህቺ ማሽን የተሠራችው ለእኛ ሸክላ ነው እላለሁ።

መርፌዋ ከበድ ትላለች። ጥሩ ማጫወቻ 2 ግራም አካባቢ ሲጫን እንዲህ ያሉት 5 ግራም ገደማ ይጫናሉ፤ ስለዚህ ብርቅ የሆነ ሸክላ ደጋግሜ አላጫውትባትም። በድሬ ፀሐይ ደግሞ ሸክላ ውስጧ ትቶ መስኮት ሥር ማስቀመጥ የማይታሰብ ነው፤ ይጣመማል።

ቆጨህ ወይ ለምትሉኝ፣ በፍጹም! ልግዛት ያለኝም ነበር፤ አልሸጥም አልኩት።

ልትገዙ ከሆነ የራሳችሁን 45 ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ብሉቱዙን ላሳይ ብሎ ሲጣደፍ "አንድ ደቂቃ ታገሠኝ" በሉትና ቁጠሩ። 46 ወይም 47 ከሆነ፣ ብሎን የመፍታት ትዕግሥት ካላችሁ፣ ዋጋ አስቀንሳችሁ ውሰዱ። አላስቆጥርም ካለ ግን ታይዋን ውስጥ ሌላ ሱቅ ሞልቷል።