የጣሪያ ሶላር ወይስ የነፋስ ተርባይን?

ሱዳን ወይም ኬንያ ካምፕ ከርመው አሜሪካ የገቡ ወላጆች ልጃቸው ሐኪም እንዲሆን ቢመኙ አይፈረድባቸውም። የልጁ ዓይን ታዳሽ ኃይል ላይ ካረፈ ግን፣ የአራት ዓመት ኮሌጅ የማይጠይቁ ሁለት በሮች አሉ።

የሶላር (የፀሐይ ኃይል) ፓነል ተከላ ቶሎ የሚገባበት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ይበቃል፤ የቀረው እየሠሩ ይለመዳል። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ፓነል ማሰር፣ ገመድ መዘርጋት ነው። የበጋው ሙቀት ግን ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የሙያው መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 48,800 ዶላር ነበር። ትልቁ ጥቅሙ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማታ ቤት መግባቱ ነው። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው እናትና አባት ሐኪም ቤት ሲሄዱ አስተርጓሚያቸው ማን ሆነና!

የነፋስ ተርባይን (በነፋስ የሚዞር የኤሌክትሪክ ማመንጫ) ቴክኒሻን በዚያው ዓመት 61,770 ዶላር ያገኝ ነበር። ብዙ ጊዜ ግን አስቀድሞ የቴክኒክ ኮሌጅ ሥልጠና ይጠየቃል። ሥራው በመሰላል 80 ሜትርና ከዚያ በላይ መውጣትን ይጠይቃል። ከፍታ የሚፈራ ከወዲሁ ይተወው። ተርባይኖቹም ያሉት ገጠር ነው፤ ምዕራብ ቴክሳስ፣ አዮዋ። እዚያ የሐበሻ ሱቅ ፍለጋ ብዙ መንዳት ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ቤተሰብ የሚደግፍ ልጅ በሶላር ይጀምር። በኋላ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፈቃድ ቢያክልበት ክፍያው ይስተካከላል፤ የዚያ ሙያ መካከለኛ ደመወዝ በ2023 61,590 ዶላር ነበር። አራት አምስት ዓመት ልምምድ ይፈጃል እንጂ።