መኪናውን ሸጠዋል፣ ገዢው ተመልሷል፦ ሽማግሌ ወይስ ፍርድ ቤት?

ባሕር ዳር ላይ አሮጌ ዲኤክስዎን ሸጡ እንበል። ገዢው ጎንደር ደርሶ ሲመለስ «ካምቢዮው አስቸገረኝ፣ ብሬን መልሱልኝ» አለ። አይደንግጡ፤ ሻጭም መብት አለው።

ፍርድ ቤት ከሄዳችሁ የሚገዛችሁ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ ገዢውን ዕቃውን ቶሎ መርምር፣ ጉድለት ካገኘህ ሳትዘገይ ለሻጩ አሳውቅ ይለዋል። አውቆ በገዛው ጉድለት ሻጩን መጠየቅ አይችልም። ስለዚህ ውሉ ላይ «ሁለተኛ ማርሽ አስቸግሮ ነው የሚገባው፣ ገዢው አይቶ ተቀብሏል» የምትል አንዲት መስመር ካለች እጅዎ ላይ ጥሩ ማስረጃ አለ። ጉድለቱን ደብቀው ከሆነ ግን «ለጉድለት ኃላፊ አልሆንም» ብለው ቢያስፈርሙትም አያድንዎትም። ጣጣው ቀጠሮው ነው። የጠበቃውም ወጪ አለ።

ሽማግሌ ጋ ነገሩ ይፈጥናል። ጣና ዳር ሻይ ይዞ ተቀምጦ የሚያልቅ ጠብ ስንት አለ! ችግሩ፣ ሽማግሌ የሚፈልገው ዕርቅ ነው። እውነቱ ከእርስዎ ጋር ቢሆንም «አንተም ተው፣ የጥገናውን ግማሽ ቻልለት» መባልዎ አይቀርም።

ለእኔ ጠቡ የጥገና ዋጋ ብቻ ከሆነ ሽማግሌ ይሻላል። ሽያጩ ይፍረስ ከተባለና ወረቀትዎ ንጹህ ከሆነ ግን ፍርድ ቤትን አይፍሩ። ዕርቁንም በቃል አይተዉት። ይጻፍ፣ ምስክር ይፈርምበት፣ «በዚህ መኪና ጉዳይ ዳግም አልጠይቅም» የሚል ይግባበት። ሊብሬው ገና በስምዎ ከሆነም የስም ማዛወሪያውን ቀን እዚያው አስጽፉ። መኪናው ነገ ሰው ቢገጭ በባለቤትነት ሊጠየቁ ይችላሉ።