ከጡት ኢምፕላንት ቀዶ ሕክምና በኋላ የተደረገልኝ ክትትል፦ ምን አረካኝ፣ ምን ጎደለብኝ

ይህ ግምገማ ሁለት ነገሮችን ይመለከታል። አንደኛው ከጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ በአንድ በኩል የተተከለልኝ፣ በሲሊኮን ጄል የተሞላና ገጹ ለስላሳ የሆነ የጡት ኢምፕላንት (በጡት ቦታ የሚተከል ሰው ሠራሽ ምትክ) ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ቀዶ ሕክምናውን ያከናወነው የግል ክሊኒክ ከዚያ ወዲህ የሰጠኝ የክትትል አገልግሎት ነው። ስለ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ስፌቱ በደንብ ድኗል፣ ቅርጹም ከሌላኛው ጡቴ ጋር ተቀራራቢ ነው፣ ሐኪሙንም ከልቤ አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን ቁስሉ ጠግጎ ፋሻው ከተነሣ በኋላ የሚመጣ ሌላ ጊዜ አለ፤ በዚያ ጊዜ ሴት ስለ መልኳ ማሰቧን ትታ፣ በደረቷ ውስጥ የተቀመጠው ነገር ጤናዋን ይጎዳ እንደሆነ ማሰላሰል ትጀምራለች። ክሊኒኩን የምመዝነው በዚያ ጊዜ ባደረገልኝና ባላደረገልኝ ነው።

ስጋቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። የመጀመሪያው የሲሊኮን ጄል ኢምፕላንት በአሜሪካ፣ በሂውስተን ከተማ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ምርቱ ዛሬ የሚጠየቀው ዓይነት የደኅንነት ማስረጃ ሳይቀርብበት በስፋት ሲሸጥ ቆይቷል። በ1992 ኤፍዲኤ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በጄል የተሞሉት ኢምፕላንቶች ለውበት ብቻ እንዳይተከሉ ከለከለ፤ ከካንሰር በኋላ ለሚደረገው መልሶ ግንባታ ግን በጥናት ማዕቀፍ ውስጥ ሆኖ እንዲቀጥል ፈቀደ፤ ክልከላውም እስከ 2006 ጸንቶ ቆየ። በመካከሉ፣ በ1999፣ በዚያው አገር የወጣ ሰፊ የባለሙያዎች ግምገማ ኢምፕላንት እንደ ሉፐስ ያሉትን የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በሽታዎች እንደሚያስከትል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አለማግኘቱን ገለጸ፤ ዋናው ስጋት በዚያው በጡቱ አካባቢ የሚደርሰው ችግር፣ ማለትም መቀደዱ፣ ሰውነት በዙሪያው የሚሠራው የጠባሳ ሽፋን መኮማተርና ለድጋሚ ቀዶ ሕክምና መዳረጉ እንደሆነም አስረዳ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የብዙ ሴቶችን እምነት የሸረሸረው በፈረንሳይ የደረሰው ነገር ነው። ፒአይፒ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለሕክምና ያልተፈቀደ፣ ለኢንዱስትሪ የሚውል ሲሊኮን ሲጠቀም ተደርሶበት በ2010 ምርቱ ከገበያ ታገደ፤ መሥራቹ ዣን ክሎድ ማስም በ2013 በማጭበርበር ወንጀል የአራት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ኢምፕላንቱ ግን ከዚያ በፊት በበርካታ አገሮች በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ሴቶች ደረት ውስጥ ገብቶ ነበር። ዜናውን የሰማች ሴት ሁሉ መጀመሪያ የምትጠይቀው "የእኔስ የማን ሥራ ነው?" ብላ ነው፤ ይህን የሚነግራት ወረቀት በእጇ ከሌለ ደግሞ ቀዶ ሕክምናው የተሠራበትን ቦታ ፈልጎ ማኅደር ከማስገልበጥ በቀር መንገድ የላትም።

ስለዚህ ክሊኒኩን በመጀመሪያ የማመሰግነው ስለ ካርዱ ነው። ከማገገሚያ ክፍሉ ሳልወጣ ነርሷ ከኪስ የማያልፍ ጠንካራ ወረቀት ሰጠችኝ። በላዩ ከኢምፕላንቱ ማሸጊያ ተላጦ የተለጠፈ ነጭ ተለጣፊ አለ፤ የአምራቹ ስም፣ የሞዴሉ ቁጥር፣ የምርቱ ዙር፣ የዚያች አንዲት ኢምፕላንት ብቻ የሆነ መለያ ቁጥር፣ መጠኑ በሲሲ እንዲሁም የገጹ ዓይነት ታትሞበታል። ከሥሩ ነርሷ የቀዶ ሕክምናውን ቀንና ኢምፕላንቱ በየትኛው ጎን እንዳለ በእስክሪብቶ ጻፈችበት፤ ሌላውን ተመሳሳይ ተለጣፊ በማኅደሬ ላይ ስትለጥፍ አሳየችኝ፤ መለያ ቁጥሩም በአምራቹ መዝገብ ላይ በስሜ መግባቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደረሰኝ። ወደፊት አንድ ምርት ከገበያ ቢሰበሰብ የሚመለከተኝ መሆን አለመሆኑን በደቂቃዎች ውስጥ ለማወቅ የሚያስችለኝ ይህ ብቻ ነው። አንድ እንከን አለው፤ የተለጣፊው ህትመት በቦርሳ ውስጥ እየተፋቀ ስለሚደበዝዝ ቁጥሮቹ ሳይጠፉ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ክሊኒኩ በቀጭን ፕላስቲክ ቢሸፍነው ወጪው ኢምንት ነበር።

የገጹ ዓይነት በካርዱ ላይ መጻፉ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምመለከተው እሱን ነው። ኤፍዲኤ በ2011 በኢምፕላንት ዙሪያ የሚነሣ አንድ ብርቅ የሊምፎማ ዓይነት መኖሩን አስታወቀ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ መዘገበው። ይህ በሽታ ከጡቱ ሥጋ የሚነሣ የጡት ካንሰር ሳይሆን የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ካንሰር ሲሆን፣ የሚያድገውም ሰውነት በኢምፕላንቱ ዙሪያ በሚሠራው የጠባሳ ሽፋንና በዚያ በሚጠራቀመው ፈሳሽ ውስጥ ነው። ከሸካራ ገጽ ጋር ያለው ግንኙነት ጎልቶ በመታየቱ በሐምሌ 2019 የአለርጋን ኩባንያ ባዮሴል የተባሉ ሸካራ ኢምፕላንቶች ከመላው ዓለም ገበያ ተሰበሰቡ። እንዲህም ሆኖ ምንም ምልክት የሌላት ሴት ከስጋት ብቻ ተነሥታ እንድታስወጣ ኤፍዲኤ አልመከረም፤ የመውጫው ቀዶ ሕክምናም የራሱ አደጋ አለው።

ይህን ሁሉ ሐኪሜ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ወረቀት ላይ እየሣለ አስረድቶኛል፤ ለዚህም ከፍተኛ ነጥብ እሰጠዋለሁ። ምን መጠበቅ እንዳለብኝም በግልጽ ነገረኝ፦ ቁስሉ ከዳነ ከዓመታት በኋላ፣ ብዙውን ጊዜም ሰባት ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ አንዱ ጡት ያለ ምክንያት ቢያብጥ፣ እብጠት ቢዳሰስ ወይም ሕመሙ አልተው ቢል ሳይውል ሳያድር መታየት ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ ፈሳሹ በመርፌ ተቀድቶ የዚህን ሊምፎማ ሕዋሳት ለይቶ የሚያሳውቅ ሲዲ ሠላሳ የተባለ ፕሮቲን እንዳለበት ይመረመራል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ብዙውን ጊዜ ኢምፕላንቱን ከነሽፋኑ ማውጣት ይበቃል። እንዲህ ያለ ማብራሪያ ፍርሃት ይጨምራል ብለው የሚሸሹ ሐኪሞች አሉ፤ እኔ በተቃራኒው ሌሊት የተኛሁት ምን መፈለግ እንዳለብኝ ካወቅሁ በኋላ ነው።

ክሊኒኩ ክፉኛ የወደቀብኝ አዲስ መረጃ ሲወጣ ለነባር ታካሚዎቹ በማድረስ ላይ ነው። በመስከረም 2022 ኤፍዲኤ በዚሁ የጠባሳ ሽፋን ውስጥ ሌላ ዓይነት ካንሰርና ከቀድሞው የተለዩ ሊምፎማዎች መገኘታቸውን፣ ለስላሳ ገጽ ባላቸውም ኢምፕላንቶች ዙሪያ መታየታቸውን ገለጸ፤ ቁጥራቸው እጅግ አነስተኛ እንደሆነም አከለ። ስልኬና አድራሻዬ በእጃቸው እያለ አንድ መስመር አልላኩልኝም። ዜናውን ያነበብኩት ራሴ ነኝ፤ ደውዬ ስጠይቅም እንግዳ ተቀባይዋ ጉዳዩን አልሰማችም ነበር። የሐኪሙ መልስ እስኪደርሰኝ ድረስ ያሳለፍኩት ጭንቀት በአጭር መልእክት ሊቀር የሚችል ነበር። የቅናሽ ማስታወቂያ ለመላክ የሚተጋ ክሊኒክ የደኅንነት ማሳሰቢያ ለመላክ ሊሰንፍ አይገባውም።

ስለ ምስል ምርመራው ግን የምናገረው መልካም ብቻ ነው። በጨው ውኃ የተሞላ ኢምፕላንት ሲቀደድ ጡቱ ስለሚሟሽሽ ወዲያው ይታወቃል፤ ጄል የያዘው ግን ተቀድዶም ቅርጹን ሳይለውጥ፣ ሳያምም ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። በዚህ ምክንያት ኤፍዲኤ በጥቅምት 2021 ምክሩን አሻሽሎ፣ ምልክት ባይኖርም የመጀመሪያው የአልትራሳውንድ ወይም የኤምአርአይ ምርመራ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከአምስት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ እንዲደረግ አሳሰበ። ክሊኒኩ ይህን በቀጠሮ መዝገቡ አስገብቶ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ጠራኝ።

አልትራሳውንዱን ያደረገችልኝ ባለሙያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙራ የምታየውን ሁሉ ነገረችኝ። የኢምፕላንቱ ውስጥ አንድ ወጥ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ጠርዙን የከበበው ቀጭን ብሩህ መስመር ዛጎሉ፣ ማለትም ጄሉን የያዘው የኢምፕላንቱ የራሱ ልባስ ነው። በአንድ ጥግ ወደ ውስጥ የገባች አጭር መስመር አይቼ ደነገጥሁ፤ እሷ ግን መሣሪያውን ቀስ ብላ እያዘነበለች መስመሯ ከጠርዙ ጋር እንደተያያዘች አሳየችኝ፤ የዛጎሉ ተራ እጥፋት ነበረች። ዛጎሉ ተቀድዶ በጄሉ ውስጥ ቢወድቅ ኖሮ በርከት ያሉ መስመሮች እንደ መሰላል እርከን ተደራርበው እንደሚታዩ፣ ጄሉ ከጠባሳ ሽፋኑ አልፎ ወደ ሥጋው ቢፈስስ ደግሞ ቦታው በጉም እንደተሸፈነ ሆኖ እንደሚነጣ ገለጸችልኝ። ጥርጣሬ ቢቀር ወደ ኤምአርአይ እንደምትልከኝም ነገረችኝ። ብብቴንና የሌላኛውን ጡቴን ጎን ሳትዘል አየች። ከዚያ ክፍል የወጣሁት የምርመራውን ጽሑፍና ምስሎቹን ይዤ ነው፤ ለሚቀጥለው ምርመራ ማነጻጸሪያ ስለሚሆኑ ምስሎቹን መጠየቅ የታካሚ መብት ነው።

የጠባሳ ሽፋኑ መኮማተር ሌላው በተደጋጋሚ የሚያጋጥም ችግር ነው፤ ጡቱ ይጠነክራል፣ ቅርጹ ይዛባል፣ በከፋው ደረጃ ያምማል። በየቀጠሮው በእጅ እየዳሰሱ ደረጃውን ከአንድ እስከ አራት ባለው መለኪያ ይመዘግቡልኛል፤ እስካሁን አንደኛ ላይ ነኝ። ኢምፕላንት ባለበት ጡት ላይ ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) የሚደረግላቸው ሴቶች ይህንኑ ለባለሙያው አስቀድመው መናገር አለባቸው፤ ኢምፕላንቱ ወደ ኋላ ተገፍቶ ተጨማሪ ምስሎች ካልተነሡ የሚሸፈን ሥጋ ይኖራል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ከድካም ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ ሴቶች ከኢምፕላንት በኋላ ድካም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የማስታወስ መድከምና ሽፍታ እንደሚሰማቸው ይናገራሉ፤ ለዚህ የሚሆን የተለየ የላቦራቶሪ ምርመራ የለም፤ ኢምፕላንቱን ካስወጡ በኋላ የተሻላቸውም አሉ። እኔም ለወራት ከአልጋ የማያስነሣ ድካም ሲያንገላታኝ ወደ ክሊኒኩ ሄድሁ። ተረኛው ሐኪም የሚተይበውን ሳያቋርጥ "እህቴ፣ ጭንቀት ነው፤ ትንሽ ይረፉ" ብሎ አሰናበተኝ። በሌላ ቀን ያገኘኋት የክትትል ነርስ ግን ድካሙ መቼ እንደጀመረ፣ የምወስዳቸው የካንሰር መድኃኒቶች ምን እንደሆኑ አንድ በአንድ ጠይቃ የደም ምርመራ እንዲታዘዝልኝ አደረገች፤ የታይሮይድ ሆርሞኔ ማነሱ ታወቀ፤ ሕክምናውም ረዳኝ። ሁሉን በጭንቀት ማመካኘትም ሆነ ሁሉን በኢምፕላንቱ ላይ መለጠፍ እኔን አይጠቅመኝም ነበር። የጠቀመኝ በአግባቡ መጠየቄና መመርመሬ ነው፤ የሚያሳዝነው ይህ በክሊኒኩ አሠራር ሳይሆን በአንዲት ነርስ ትጋት መገኘቱ ነው።

ስለ ዋስትናው አጭር ነገር ልጨምር። የተሰጠኝ ሰነድ ኢምፕላንቱ ቢቀደድ አምራቹ ሌላ እንደሚተካ ይገልጻል፤ የማደንዘዣውን፣ የቀዶ ሕክምና ክፍሉንና የሐኪሙን ክፍያ ግን በሙሉ አይሸፍንም፤ የምስል ምርመራውም ከዋስትናው ውጭ ነው። ኢምፕላንት ለዕድሜ ልክ የሚሠራ ዕቃ አይደለም፤ በጊዜ ብዛት መቀየሩ ወይም መውጣቱ የሚጠበቅ ስለሆነ ወጪው ገና ሳይፈረም መታወቅ አለበት። ይህንኑ ክሊኒክ የምታስቡ እህቶች፣ ቀዶ ሕክምናውንና የምስል ምርመራውን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ከመፈረማችሁ በፊት ግን የወደፊቱ አልትራሳውንድ በክፍያው ውስጥ ይካተት እንደሆነ፣ አዲስ የደኅንነት ማሳሰቢያ ሲወጣ ለታካሚዎች የሚያሳውቀው ማን እንደሆነ ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። እኔ ይህን ጥያቄ በቅርቡ በደብዳቤ አቅርቤላቸዋለሁ፤ የማሳወቁ ኃላፊነት ለክትትል ነርሷ እንደተሰጠ መልሰውልኛል።