ቅቤ አልባው የፕራቶ ብስኩት፦ ከሰማያዊው ከረጢት እስከ ቤታችን ኦቨን

በጣሊያን ቶስካና ክልል፣ ከፍሎረንስ ብዙም በማትርቀው የፕራቶ ከተማ፣ አንቶኒዮ ማቴይ እ.ኤ.አ. በ1858 የከፈተው ብስኩት ቤት ዛሬም ሥራ ላይ ነው። ቤቱ ስም ያተረፈው በሰማያዊ የወረቀት ከረጢት በሚሸጠው የአልሞንድ ብስኩት ሲሆን፣ የሚገባበትም የስንዴ ዱቄት፣ ስኳር፣ እንቁላል፣ አልሞንድና ፒኖሊ የሚሉት የጥድ ዘመድ የሆነ ዛፍ ፍሬ ብቻ ነው። ቅቤም፣ ዘይትም፣ ቤኪንግ ፓውደርም የለበትም።

የብስኩቱ ዋና ብልጫም ይኸው ነው እላለሁ። ቅባት ስለሌለው ሲነከስ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ አፍ ውስጥ የሚቀረውም የተቆላ አልሞንድና የእንቁላል ጣዕም እንጂ የቅቤ ሽታ አይደለም። ብዙዎቹ የቤት አሠራሮች ቅቤና ቤኪንግ ፓውደር ያስገቡበታል፤ የሚወጣው ብስኩት ለስለስ ያለና ለልጆች የሚስማማ ቢሆንም፣ ሻይ ውስጥ ሲነከር ቶሎ ይፈርሳል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ለመጋገር የሚያስብ ሰው ከፕራቶው አሠራር እንዲጀምር እመክራለሁ።

ለአንድ ጊዜ መጋገሪያ 280 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 200 ግራም ስኳር፣ 2 እንቁላልና አንድ ተጨማሪ አስኳል፣ ትንሽ ጨው፣ እንዲሁም ቅርፊቱ ያልተላጠ 140 ግራም ሙሉ አልሞንድ ይበቃል። ሊጡ እጅ ላይ የሚጣበቅ ነው። ዱቄት ጨምሮ ማድረቅ ያምራል፤ ነገር ግን ዱቄት የበዛበት ብስኩት ከመጥበቅ አልፎ ድንጋይ ስለሚሆን፣ እጅን ውኃ እያስነኩ ሦስት ጣት ያህል ስፋት ባላቸው ረዣዥም ድብልብሎች ማበጀት ይሻላል። በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 25 ደቂቃ ያህል ከበሰሉ በኋላ ወጥተው ጥቂት ይቀዘቅዛሉ።

ብስኩቱ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ሲቆረጥ ነው። ገና ትኩስ ሳለ ከተቆረጠ አልሞንዱ ሊጡን እየቀደደ ይወጣል፤ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ ደግሞ ይሰነጣጠቃል። ለብ ሲል፣ ጥርስ ባለው የዳቦ ቢላዋ፣ ሳይጫኑ እየገዘገዙ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ባለው ሰያፍ ቅርጽ ሲቆረጥ ግን፣ አልሞንዱ ለሁለት ተከፍሎ ነጭ ሆዱና ቡናማ ቅርፊቱ በጎኑ ላይ ይታያል። ቁራጮቹ በ150 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ያህል፣ መሐል ላይ ተገላብጠው እንደገና ይገባሉ። የዚህ ዙር ዓላማ ማድረቅ እንጂ ማጥቆር አይደለም። ሲወጡ መሐላቸው ለስላሳ ቢመስልም የሚጠነክሩት ሲቀዘቅዙ ነውና ጊዜ መጨመር አያስፈልግም።

ቤት ውስጥ የተጋገረው ብስኩት ፒኖሊ ከሌለው ከሰማያዊው ከረጢት ብስኩት ጣዕም አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ቁርጡም ያን ያህል እኩል አይወጣም። በትኩስነቱ ግን ይበልጠዋል። አልሞንድ ውድ ነው ብሎ በኦቾሎኒ መተካት አያዋጣም፤ የኦቾሎኒው ሽታ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋልና፣ ከመተካት ይልቅ የአልሞንዱን መጠን መቀነስ ይመረጣል። ቅቤና ወተት የለውም ተብሎም ለጾም እንዳይታሰብ፤ እንቁላል ስላለበት የፍስክ ነው።

ቶስካኖች ከምግብ በኋላ ቪን ሳንቶ በሚባል ጣፋጭ ወይን እየነከሩ ይበሉታል። እኔ ወፍራም ጥቁር ሻይ ይበልጥ ይስማማዋል ባይ ነኝ፤ ማኪያቶው ጣዕሙን ይጋርደዋል። ጥንካሬው ዳቦ ቆሎ የለመደ ጥርስን አያስቸግርም፤ ለአረጋውያን ግን ሳይነከር ባይቀርብ ይሻላል። ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ከተቀመጠ ሳምንታት ይቆያል፤ እርጥበት ገብቶት ከለሰለሰም በዝቅተኛ ሙቀት ጥቂት ደቂቃ ኦቨን ሲገባ ወደ ነበረበት ይመለሳል።