ትምህርት በፈረቃ፦ አንድ የፒያሳ ትምህርት ቤት በ2013 ዓ.ም. ልጆቻችንን እንዴት መልሶ ተቀበለ?

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ አንድ የግል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተዘግቶ ከከረመ በኋላ በ2013 ዓ.ም. በሩን ሲከፍት የሰጠውን አገልግሎት ለመገምገም የተነሣሁት፣ ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት የሚያፈላልጉ ወላጆች እስካሁን ድረስ «ያኔ እንዴት ያዟቸው?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠቅስም። ክፍል ውስጥ ያገኘነው ከጠበቅሁት በላይ ነበር፤ ከክፍሉ ውጭ የተደረገው ጥንቃቄ ግን ከበሩ ብዙም የራቀ አልነበረም።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀናት እንዲዘጉ ተወሰነ፤ ያ 15 ቀን ተራዝሞ ተራዝሞ ከሰባት ወር በላይ ሆነ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ትምህርት ሲጀመርም ቅድሚያው ለገጠሩ ተሰጥቶ አዲስ አበባ የገባችው በመጨረሻው ዙር ነው። ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በስተቀር ያሉት ተማሪዎች ያለ ማጠቃለያ ፈተና እንዲያልፉ በመደረጉ፣ አንደኛ ክፍልን ከመንፈቅ በኋላ ያቋረጠችው ልጄ ሁለተኛ ክፍል የገባችው ሳድስና ሳብዕ እየተምታቱባት ነበር። በመካከሉ በትምህርት ቢሮው ሬዲዮ በኤፍ ኤም 94.7 ይተላለፍ የነበረውንና ትምህርት ቤቱ በቴሌግራም ይልክልን የነበረውን ወርክሺት ከቆጠርን ትምህርቱ አልተቋረጠም ሊባል ይችላል፤ እኔ ግን ስልክ ላይ ያቀረቀረች የሰባት ዓመት ልጅ በዚያ መንገድ ማንበብ ስትለምድ አላየሁም።

በሩ ላይ የነበረው ዝግጅት ለዓይን የሚሞላ ነበር። ሮቶ ተተክሎ፣ በእግር እየተረገጠ ውኃ የሚያወርድ መታጠቢያ ተሠርቶ፣ ርቀት ለመጠበቂያ መሬቱ ላይ በነጭ ቀለም ክብ ክብ ተሥሎ ነበር። ጥበቃው ሙቀት መለኪያውን ይዘው ልጆቹን አንድ በአንድ ያስገባሉ። «እዚያው ይቁሙ እህቴ፣ ወላጅ አይገባም፤ ምሳ ዕቃውን ለእኔ ይስጡኝ» ይላሉ፤ ትሕትናቸው የማይለወጥ ሰው ናቸው። መለኪያው ግን በኅዳር ብርድ በእግሯ የመጣችን ልጅ ግንባር ለክቶ 34 ሲያሳይ፣ እርሳቸውም «ብርድ ነው እንጂ ደህና ናት» ብለው ሲያሳልፉ ሳይ፣ ትኩሳት ያለበት ልጅ ቢመጣስ መሣሪያው ይለየው ይሆን እያልሁ መጠራጠሬ አልቀረም። ሠፈሩ ውኃ የሚያገኘው በፈረቃ ስለሆነ ሮቶው ባዶ የሚሆንባቸው ቀናት ነበሩ፤ በእነዚያ ቀናት በየልጁ መዳፍ ላይ ጠብ የሚደረግ አልኮል ይተካዋል። ማስክንም በተመለከተ ደንቡ ጥብቅ ነበር፤ ሆኖም ልጄ የወሰደችውን ባለ አበባ ማስክ ትታ የሌላ ልጅ ባለ ኳስ ሥዕል ማስክ አድርጋ መጣች። ለካ በዕረፍት ሰዓት ይቀያየራሉ! ለክፍል ኃላፊዋ ስናመለክት በየማስኩ ጠርዝ ላይ ስም በክር እንዲጻፍ ታዘዘ፤ ከዚያ በኋላ የተቀያየሩት ማስኮች ባለቤታቸው የሚታወቅ ሆኑ እንጂ ልውውጡ አልቆመም።

ወደ ክፍሉ ስንገባ ነገሩ ሌላ ነው። በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ ብቻ እንዲቀመጥ በመታዘዙ፣ ከ40 በላይ ልጆች የነበሩበት የልጄ ክፍል ለሁለት ተከፈለ፤ አንደኛው ቡድን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ሁለተኛው ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ይማር ጀመር። መምህርቷ በዚህ ምክንያት ያንኑ ትምህርት ሁለት ጊዜ ያስተምራሉ፤ ሳምንታቸውም ስድስት የሥራ ቀን ሆነ። የሁለተኛ ክፍሉን መጽሐፍ ወዲያው ከመግለጥ ይልቅ የፊደል ገበታውን መልሰው ሰቀሉና እያንዳንዱ ልጅ በየቀኑ ተነሥቶ ጥቂት መሥመር እንዲያነብ አደረጉ፤ ይህ 40 ልጅ ባለበት ክፍል ከቶ የማይሞከር ነው። ማስኩ አፋቸውን ስለሸፈነባቸው ልጆቹ ተ እና ጠን፣ ከ እና ቀን እያምታቱ እንደጻፉ ሲያዩ፣ ለንባብ ሰዓት ፊት የሚያሳይ የፕላስቲክ መከለያ ገዝተው ከልጆቹ ራቅ ብለው በመስኮቱ በኩል እየቆሙ ያስነብቡ ነበር። ለመከለያው ትምህርት ቤቱ ገንዘብ እንዳላወጣ የሰማሁት ኋላ ነው፤ ቢያንስ ይህን መሸፈን አይከብደውም ነበር።

ደብተሩም ይመሰክራል። በአንደኛ ክፍል ደብተሯ ላይ ከገጹ ግርጌ አንድ ትልቅ ራይት በቀይ ስክሪፕቶ ተጥሎ፣ ከሥሩ ፊርማ ብቻ ነበር፤ ከላይ ያለው ስሕተት ሳይነካ ገጹ ይገለበጣል። በፈረቃው ዓመት ግን እርማቱ በየመሥመሩ ነው፤ ከመሥመሩ በታች የወረደው ፊደል ተከብቦ፣ ትክክለኛው አጠገቡ ተጽፎ፣ ልጄም ሦስት ጊዜ ደግማ ጽፋው ትገኛለች። ለፋሲካ ስንቃረብ የሱቅ ማስታወቂያ ሁሉ እያነበበች መንገድ ታስቆመን ጀመር።

ያም ሆኖ ሦስት ቀን ተምሮ ሦስት ቀን ቤት መዋል ለወላጅ ቀላል አልነበረም። ሁለታችንም የቢሮ ሠራተኞች በመሆናችን ማክሰኞና ሐሙስ ልጅ የሚይዝ ሰው መፈለግ ነበረብን፤ ለእነዚያ ቀናት የሚሰጠው የቤት ሥራም አንዳንድ ጊዜ የሚበዛው ለእኛ ነበር። ክፍያው ደግሞ ሙሉ ነው። ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በነበሩበት ጊዜ ትምህርት ሚኒስቴር የግል ትምህርት ቤቶች ከመደበኛው ወርኃዊ ክፍያ ከ50 እስከ 75 በመቶውን እንዲያስከፍሉ አስታውቆ ስለነበር፣ ለግማሽ ሳምንት ትምህርት ሙሉ ዋጋ ስንጠየቅ ብዙ ወላጆች አጉረመረምን። አስተዳደሩ የመምህራኑ ሥራ እንደጨመረ እንጂ እንዳልቀነሰ ነገረን፤ በዚህ ረገድ እውነቱን ነው፤ የተጨመረው ሥራ በመምህራኑ ደመወዝ ላይ መታየት አለመታየቱን ስንጠይቅ ግን መልስ አላገኘንም።

ከሁሉ የከፋው ሰርቪሱ ነው። ክፍል ውስጥ ልጅ ከልጅ አንድ ሜትር እንዲራራቅ ዴስኩ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል፤ ማታ ደግሞ እነዚያው ልጆች ለ12 ሰው በተሠራ ሚኒባስ ውስጥ ቦርሳቸውን እግራቸው ሥር አድርገው፣ በአንድ ወንበር ላይ ሦስትና አራት ሆነው ተጠባብቀው ይሄዳሉ። መስኮቱ እንኳ በትንንሾቹ ጉንፋን ሰበብ ይዘጋል። ስንናገር «ሰርቪሱ የትምህርት ቤቱ አይደለም፤ ከባለ መኪናው ጋር ተነጋገሩ» ተባልን፤ የሰርቪሱን ክፍያ የምንፈጽመው ግን በዚያው በትምህርት ቤቱ ገንዘብ ቤት ነበር። እኛ ከሁለት ወር በኋላ አቋርጠን በእግር ማመላለስ ጀመርን።

ትምህርቱ ወደ ሙሉ ሳምንት ሲመለስ ሁለቱ ቡድኖች ተቀላቀሉ፤ ክፍሉም እንደ ቀድሞው ከ40 በላይ ሆነ፤ እርማቱም ወደ ገጹ ግርጌ ተመለሰ። መታጠቢያው እስካሁን በሩ አጠገብ ቆሟል፤ የሚረገጠው ብረት ግን ተሰብሯል። ልጅ ለማስገባት ለምታስቡ፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉት መምህራን ብርቱዎች ስለሆኑ ትምህርት ቤቱን እመክራለሁ፤ ሰርቪሱን ግን አልመክርም። ለምዝገባ ስትሄዱ ስለ ሕንፃውና ስለ ካሜራው ከመስማታችሁ በፊት ልጃችሁ በሚገባበት ክፍል ስንት ተማሪ እንደሚቀመጥ ጠይቁ፤ ቁጥሩንም በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ አድርጉ።